ሰባት ጫማ ጥላ

አንድ ወንዝ ብቻ የነበራት አንዲት ትንሽ አገር ነበረች። ወንዙም ቢሆን ክረምት ላይ ያገሳል እንጂ በጋ ሲገባ አንድ ቦይ መሙላት ያቅተዋል። በዚያች አገር ቤተ መንግሥት የለም፤ ዘውድም ጦርም የለም። ሥልጣን ማለት ውሃ ነው። ሕዝቡ ተሰብስቦ ውሃውን ለላይኞቹና ለታችኞቹ ገበሬዎች የሚያከፋፍል አንድ ሰው ይመርጣል፤ እሱም «የውሃ አባት» ይባላል። ጠብ ሲነሳ የሚዳኘው፣ ድንበር ሲገፋ የሚያካልለው፣ እንግዳ ሲመጣም አገሩን ወክሎ የሚቀበለው ይኸው ሰው ነው።

የውሃው ሕግ ቀላል ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ውሃው የላይኞቹ ነው። ከሰዓት በኋላ የውሃ አባቱ ቦዩ ከሚከፈልበት ቦታ አጠገብ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆማል። የጥላው አናት ያረፈበት ቦታ ላይ ጠጠር ይቀመጣል። ከዚያ እሱ ከቆመበት ተነስቶ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠመ እስከ ጠጠሩ ድረስ ይቆጥራል። ሰባት ጫማ ከሞላ «አዙሩ!» ይላል። ውሃው ወደ ታችኞቹ ይዞራል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም የእነሱ ነው። ካልሞላ ቁጭ ብሎ ይጠብቅና እንደገና ይለካል።

ዱሮ ዱሮ ሰው ሁሉ የየራሱን ጥላ እየለካ «ደርሷል»፣ «አልደረሰም» ሲባባል ዱላ ይማዘዝ ነበር አሉ። ስለዚህ «ከእንግዲህ የሚለካው የውሃ አባቱ ጥላ ብቻ ነው» ተብሎ ተደነገገ። የሌላ ሰው ጥላ በዚያ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ነውር ሆነ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ብልሆች ነበሩ፤ ሰውን የመሰለ ነገር መለኪያ ሲያደርጉ ግን ሰው እንደሚያረጅ ትዝ ያላቸው አይመስልም።

አያ አንማው ድንጋዩ ላይ የወጡት ገና ጎልማሳ ሳሉ ነው። ሃያ ስድስት በጋ ለኩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለወንድማቸው እንኳ ግማሽ ጫማ ጨምረው አያውቁም። ፀሐይ አናታቸውን እየበሳ፣ በጉንፋን እያስሉም ቢሆን ከድንጋዩ ቀርተው አያውቁም። እንዲህ ያለውን ሰው ሕዝብ ቢወደው ምን ይደንቃል?

ከሁሉም አብልጣ የምትወዳቸው ግን ታንጉት ነበረች። ታንጉት ከታችኞቹ ናት፤ ማሳዋ በቦዩ ጭራ አካባቢ ነው፤ ከእሷ በታች ያሉት ሁለት ማሳዎች ብቻ ናቸው። ባሏ በሞተ ዓመት ወንዶቹ «ሴት ቦይ አትጠርግም፤ ተራዋ ለሌላ ይሰጥ» ብለው ተነሱባት። አያ አንማው ዶማ አምጥተው እጇ ላይ አስያዟትና «በይ ቆፍሪ» አሏት። ላቧ ጠብ እስኪል ቆፈረች። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞረው «ቦዩ ተጠርጓል ወይስ አልተጠረገም?» ብለው ጠየቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ተራዋን የነካባት አልነበረም፤ ሦስት ልጆቿንም በዚያው ውሃ አሳደገች።

በሃያ ስድስተኛው በጋ ታንጉት ገብስ ዘራች። ገብሱ አምሮ በቀለ። ሊያሸት ሲቃረብ ግን ከታች በኩል ያለው ጠርዝ ቢጫ መሆን ጀመረ። ውሃው ለእሷ ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ነበር የሚቀራት፤ ግማሹን ማሳ እንኳ ሳታጠጣ ይዘጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመክፈያው አጠገብ ተራ ስትጠብቅ ፀሐይዋ ከወትሮው ዝቅ ያለች መሰላት። ከሰው ራቅ አለችና ጠጠር አስቀምጣ የራሷን ጥላ ለካች። ስምንት ጫማ። «ተሳስቼ ነው» ብላ ደግማ ለካች። ስምንት። ወዲያው ከድንጋዩ በኩል «ስድስት... ስድስት ተኩል። ገና ነው» የሚለውን የአያ አንማውን ድምፅ ሰማች።

ታንጉት ዞር ብላ አየቻቸው። በየቀኑ የምታየውን ሰው ያን ጊዜ ነው ያየችው። ያ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለው ጀርባ ከትከሻው ላይ ታጥፎ፣ አገጫቸው ወደ ደረታቸው ቀርቦ ነበር። ቆጠራቸው ልክ ነው፤ አንድም ጫማ አላጭበረበሩም። ቁመታቸው ግን ድንጋዩ ላይ ሲወጡ የነበረው አይደለም። ሰውየው ሲያጥሩ ጥላቸው አጠረ፤ ጥላቸው ሲያጥር ሰባት ጫማ የሚሞላበት ሰዓት ዘገየ።

ከእሷ በላይ ያለውን ጎረቤቷን ወደ ጎን ጠርታ ነገረችው።

«አንቺ አሁን ገና ነው ያየሽው?» አላት።

«ታውቅ ነበር እንዴ?»

«ማን ያላወቀ አለ! ሦስተኛ ዓመቱ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተነገራቸውም?»

«ምን ተብሎ? ‹ጎብጠዋልና ይውረዱ› ተብሎ? እሳቸውን የመሰለ ሰው? እኔስ አላደርገውም።» ቀጥሎም፦ «ደግሞ ለእኔ ይደርሰኛል።»

እውነቱን ነው፤ ይደርሰዋል። ታችኞቹ ውሃውን ከላይ ወደ ታች በተራ ነው የሚወስዱት። ስለዚህ የዘገየችው ሰዓት የምትቀነሰው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ላይ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ማሳ ደረቀ፤ ባለቤቱ ልጆቹን ይዞ ከተማ ገባ። በሁለተኛው ዓመት ከእሱ ቀጥሎ ያለው ገበሬ መስኖውን ትቶ ውሃ የማይጠይቅ ሽምብራ ዘራ። ሰውም «ሽምብራ ይወዳል» አለ። ድርቁ በየዓመቱ አንድ አንድ ማሳ ወደ ላይ ሲወጣ ቆይቶ ዘንድሮ ታንጉት ደጃፍ ላይ ደረሰ።

ሰዉ ምንም አልሞከረም ማለት ግን አይደለም። ሁሉን ሞክሯል፤ ከመናገር በቀር። ባለፈው ዓመት ታችኞቹ ታንጉት ሳትሰማ ተመካክረው ክንድ የሚያህል ቁመት ያለው የሰሌን ባርኔጣ አሰፍተው ለአያ አንማው አበረከቱ። «ለፀሐዩ ነው አያ» አሏቸው። ባርኔጣው ጥላውን አስረዘመውና ለሦስት ሳምንት ውሃው በሰዓቱ ዞረ። በአራተኛው ሳምንት አያ አንማው አናቱ የተላጠ መንገደኛ ፀሐይ ሲያንቃቃው አዩና ባርኔጣውን አውልቀው ሰጡት። ታችኞቹ ሲመርቁ ዋሉ፤ ማታ ግን ማንም ፈገግ አላለም።

ላይኞቹ ደግሞ ባርኔጣ መሰጠቱን ሰምተው «እኛ ከማን አንሰን?» አሉ። የላይኞቹ አፈ ጉባኤ ፈንታ የተባለ ባለጸጋ ነበር። እሱ የበሬ ቆዳ አስለፍቶ መጫሚያ አሠራላቸው። መጫሚያው ምቹ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከእግራቸውም ሦስት ጣት ይረዝማል። በረዘመ መጫሚያ ሲቆጠር ሰባት ጫማ ጭራሽ ዘግይቶ የሚሞላ ሆነ። ፈንታ ይህን አስቦ አላደረገውም ይባላል፤ እኔም ልመን።

ታንጉት ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ «ለብቻቸው ብነግራቸው ይሻላል» ብላ ወደ ቤታቸው ሄደች። አያ አንማው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በቢላዋ በትራቸውን ሲቆርጡ አገኘቻቸው።

«ነይ እስቲ ታንጉት፣ ነይ ቁጭ በይ» አሏት ደስ ብሏቸው። «ይቺ በትር እኮ አስቸገረችኝ። ስይዛት ደረቴ ጋ ነበረች፤ አሁን አፍንጫዬን ልትነካ ነው። ለመሆኑ እንጨት ይረዝማል እንዴ?»

ታንጉት አፏን ከፈተች። የመጣችበት ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያ ዶማ ትዝ አላት፤ ያ ቀን ትዝ አላት። ነገሩን ተወችው።

«እርጥብ ሆኖ ይሆናል አያ» አለች።

«ይሆናል» አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ቢላዋቸውም ተመለሱ። ስለ ልጆቿ ጠየቋት፣ መርቀው ሸኟት። ታንጉት እስከ ማሳዋ ድረስ ራሷን እየረገመች ተመለሰች። እንዲህ የመሰለ ውሸት ዋሽታ አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ቀናት የገብሱ ቢጫ ጠርዝ ወደ መሃል ገባ። ከታች ያሉት ዛላዎች ፍሬ ሳይዙ ቀጥ ብለው ደረቁ። ቤቷ ያለው እህል ለልጆቿ ወር እንደማይዘልቅ ታውቃለች። እንደ መጨረሻው ማሳ ባለቤት ከተማ ትግባ? ገብታስ ማን ጋ ትረፍ?

በስድስተኛው ቀን ላይኞቹም ታችኞቹም እንደ ወትሮው መክፈያው ዘንድ ተሰበሰቡ። አያ አንማው ድንጋዩ ላይ ቆሙ፤ ጠጠር ተቀመጠ፤ ቆጠሩ።

«ስድስት... ስድስት ተኩል። ገና ነው።»

«አያ፣ ደርሷል» አለች ታንጉት።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምኑ ነው የደረሰው?» አሉ አያ አንማው።

«ሰዓቱ፣ አያ። ከደረሰም ቆይቷል።»

ፈንታ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ነው እንዴ የመጣሽው? መቁጠር አያውቁም ልትይ ነው? በማን ፍርድ ባገኘሽው ውሃ ነው ልጆችሽን ያሳደግሽው?»

«በሳቸው ነው» አለች ታንጉት። «ቆጠራቸውም ልክ ነው። አያ፣ ይቅር ይበሉኝ... እስቲ ቀና ብለው ይቁሙ።»

አያ አንማው ግራ ገባቸው።

«ቀና ብዬ ነው እኮ የቆምኩት» አሉ።

ማንም አልተነፈሰም። ፈንታ እንኳ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሽማግሌው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት አዩ፤ ዓይናቸውን የሚገጥም አንድ ሰው አጡ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲዳኙ የኖሩ ናቸውና ዝምታ ምን እንደሚል ያውቃሉ።

«ፈንታ፣ ና እዚህ አጠገቤ ቁም» አሉ።

«ነውር ነው አያ፣ የእኔ ጥላ በድንጋዩ ላይ...»

«ና አልኩህ። እኔ ስመረጥ ከአባትህ ጋር እኩል ነበርን። አንተ ደግሞ ቁጭ የአባትህ ቁመት ነህ።»

ፈንታ እየተሳቀቀ ወጥቶ ቆመ። ሁለት ጠጠር ተቀመጠ። በሁለቱ ጠጠሮች መካከል አንድ ክንድ ያህል መሬት ነበር። አያ አንማው ያንን ክፍት መሬት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት ዓመት ይሆናል» አለ ከታችኞቹ አንዱ።

«የመጨረሻው ማሳ ባለቤት ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ ብላችሁኝ ነበር።»

አያ አንማው ወደ ታንጉት ዞሩ።

«ታንጉት፣ አንቺም እንዲያ ነው ያልሽኝ።»

«እንዲያ ነው ያልኩዎት» አለች ታንጉት፤ እንባዋ ወረደ። «ለምን እንደሄደ አልጠየቅኩም አያ። ያን ጊዜ ለእኔ ውሃው ይደርሰኝ ነበር።»

አያ አንማው በትራቸውን ተደግፈው ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ልቆጣችሁ አሰብኩና ምን አፍ አለኝ ብዬ ተውኩት» አሉ። «ይቺን በትር ሁለት ጊዜ ቆርጫታለሁ። እውነት ደረቅ እንጨት እንደማያድግ ጠፍቶኝ ነው? ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ጥርጣሬዬን ለማንም አላካፈልኩም። እናንተ አፍራችሁ ዝም አላችሁ፤ እኔ ደግሞ ፈርቼ።»

«ምን ፈርተው አያ?» አለ ፈንታ።

«ከእኔ በፊት የነበሩትን የውሃ አባት ታስታውሳቸዋለህ? ከዚህ ድንጋይ በወረዱ ማግስት ደጃቸውን የረገጠ ሰው አልነበረም። ቦዩ ሲከፈት የሚጠራቸው የለም፣ እንዴት አደሩ የሚላቸው የለም። መሞታቸውን እንኳ የሰማነው ቆይቶ ነው። እኔም ከማይጠይቋቸው አንዱ ነበርኩ። ከድንጋዩ መውረድ ማለት በቁም መቀበር ማለት መሆኑን ያን ጊዜ ተማርኩ። ታዲያ እንዴት ብዬ ልውረድ?»

ከዚያ ብድግ አሉ። የቻሉትን ያህል ቀና ብለው «አዙሩ!» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ጎልማሳነታቸው ጊዜ ነበር። ውሃው ሲዞር ቆመው አዩና ከድንጋዩ ወረዱ። ሲወርዱ እጃቸውን የያዘቻቸው ታንጉት ናት።

የዚያን ዕለት ሕዝቡ ወደ ቤቱ አልሄደም። እዚያው ተቀምጦ ሲማከር አመሸና ሁለት ነገር ደነገገ። አንደኛው፣ በየበጋው መጀመሪያ የውሃ አባቱ ጥላ ከሌላ ሰው ጥላ ጋር በሕዝብ ፊት ይመዛዘናል፤ የሚያመዛዝነውም ውሃው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ማሳ ባለቤት ነው፤ ለጊዜው ታንጉት ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከድንጋዩ የወረደ የውሃ አባት ቦይ ሲከፈት የፊት ወንበር የእሱ ነው፤ ከባድ ጠብ ሲነሳ ምክሩ ይጠየቃል፤ ቤቱም ሰው አይጠፋበትም። ሁለተኛውን ሲደነግጉ ብዙዎቹ ያለቅሱ ነበር። የሞቱትን ሽማግሌ አስታውሰው ነው።

የታንጉት ገብስ ግማሹ ተረፈ፤ ግማሹ ደርቆ ቀረ። በተረፈው ልጆቿን አከረመች። ከተማ የገባው ሰው ግን መልእክት ተልኮለትም አልተመለሰም፤ ልጆቹ እዚያው ለምደዋል አሉ።

በሚቀጥለው በጋ አዲስ የተመረጠው የውሃ አባት ድንጋዩ ላይ ወጣ። ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ ጎልማሳ ነው። ታንጉት ሁለት ጠጠር ይዛ ስትቀርብ ፊቱ ጠቆረ።

«ገና በመጀመሪያው ቀን?» አለ። «ምን አጠፋሁ? ካላመናችሁኝ ለምን መረጣችሁኝ?»

አያ አንማው የፊት ወንበራቸው ላይ ሆነው ሳቁ።

«ልጄ፣ ዝም ብለህ ተለካ» አሉት። «እኔን ስለወደዱኝ ሳይለኩኝ ቀሩ። የሰው ማሳ አስደረቁብኝ፤ እኔንም ሳላውቀው በዳይ አደረጉኝ። አንተን ግን ወደውህ ይለኩሃል። እኔ ያላገኘሁትን ነው የሰጡህ።»

ጎልማሳው ጥቂት አሰበና ቀጥ ብሎ ቆመ። ታንጉትም ጠጠሮቹን አስቀመጠች።

ወዳጆቼ፣ መሪ ማርጀቱ ነውር አይደለም፤ መታመሙም ኃጢአት አይደለም። ሥጋ ለባሽ ሁሉ ይደክማል፤ የአገር ሸክም የተሸከመ ደግሞ ፈጥኖ ይደክማል። የሕዝብ ጊዜ የሚለካው በአንድ ሰው ጥላ ከሆነ ግን የዚያ ሰው ጤና የቤቱ ምስጢር ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ደህና ነዎት ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ስድብ አይደለም፤ ስድብ የሚሆነው በሌለበት ማንሾካሾክና በፊቱ ባርኔጣ ማበርከት ነው። ደግሞም አንድ ሰው «በቃኝ» እንዲል የምንፈልግ ከሆነ፣ ከወረደ በኋላ የሚቀመጥበትን ወንበር አስቀድመን ማዘጋጀት አለብን። መውረጃው ገደል የሆነበት ሰው ቢጣበቅ አይፈረድበትም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። በአገር ይሁን በመሥሪያ ቤት፣ በእድር ይሁን በቤተሰብ፣ ሁላችሁም ድካሙን እያያችሁ ማንም ያልጠየቀው አንድ የምትወዱት ሰው የለም? ካለስ፣ ዝም ያላችሁት በእውነት ለእሱ አዝናችሁ ነው፣ ወይስ ውሃው እስካሁን ለእናንተ ስለሚደርሳችሁ?